«ነዳጅ ቆጣቢ» ዕቃዎች እና የወንድሜ ቪትዝ፤ የመቶ ዓመት ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። መኪና ያላችሁም፣ እንደኔ በታክሲ ሰልፍ የምትውሉም ቡናችሁን ይዛችሁ ታገሱኝ። የውጭ ሀገሩን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ በቪትዝ የሜትር ታክሲ ይሠራል። በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ ፊቱ ራሱ ተለወጠ። ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ ማታ የሚቆጥረው ብር ግማሹ የማደያ ነው። አንድ ማታ ቤቴ መጣና ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። የክብሪት ቀፎ የምታክል አረንጓዴ ዕቃ ናት። ከመሪው ሥር፣ መካኒኮች ኮምፒውተር የሚያገናኙበት ቀዳዳ ላይ ትሰካለች። ነዳጅ 30 በመቶ ትቆጥባለች፣ ጉልበትም ትጨምራለች ይላል ሻጩ። ዋጋዋ 3,500 ብር።

«አንተ መምህሩ፣ ምን ትላለህ?» አለኝ።

«ወንድምጋሼ፣ እኔ ስለ ሞተር ምን አውቄ» አልኩት።

«እሺ 1,500 ሙላልኝ፤ በሁለት ሳምንት ከምቆጥበው እመልስልሃለሁ።»

ሰጠሁት። እውነቱን ለመናገር እኔም ጓጉቼ ነበር። «ሞክረው፣ ምን ይጎዳል?» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህችን «ምን ይጎዳል» የምትል ቃል ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

በኋላ ነው ያፈርኩት። የታሪክ መምህር ሆኜ የዚህችን ዕቃ ታሪክ ሳልጠይቅ ገንዘብ አወጣሁ። ስጠይቅ ያገኘሁት እነሆ።

በ1916 እንጀምር። አውሮፓ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እየነደደች ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የቤንዚን ዋጋ ሽቅብ ወጥቷል። በኒውዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ የሚኖር ሉዊስ ኤንሪክት የሚባል ሽማግሌ ጋዜጠኞችን ጠራና አንድ ትርዒት አሳየ። ባዶ የቤንዚን ታንክ አስመረመራቸው። ውሃ አስመጣ። ውሃው ላይ አረንጓዴ ፈሳሽ ጠብ አደረገና ታንኩ ውስጥ ጨመረው። ሞተሩ ተነሳ! አንድ ጋሎን በአንድ ሳንቲም እሠራለሁ አለ። ወሬው ሀገር ሞላ፤ ሄንሪ ፎርድ እንኳ ፍላጎት አሳይቶ ነበር። ቀመሩን ግን ለማንም አላሳየም። በኋላ ኬሚስቶች ሲገምቱ ፈሳሹ አሴቶን ሳይሆን አይቀርም አሉ። አሴቶን ከውሃ ጋር ይዋሃዳል፣ ራሱም ይነዳል፤ ሞተሩ ቢነሳ አይገርምም። ግን ከቤንዚን የሚረክስ ነገር አይደለም፣ ሞተሩንም ይበላዋል። ሰውየው በ1920ዎቹ መጀመሪያ በሌላ የነዳጅ ማጭበርበር ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ።

ልብ በሉ፣ ጋዜጠኞቹ ሞኞች አልነበሩም። ሞተሩ ሲነሳ በዓይናቸው አይተዋል። ያላዩት ሒሳቡን ነው።

ወደ 1930ዎቹ እንለፍ። ዓለም በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ናት። ካናዳ ዊኒፔግ ውስጥ ቻርልስ ኔልሰን ፖግ የሚባል ሰው አዲስ ካርቡራተር ሠራሁ አለ። ቤንዚኑን በጭሱ ሙቀት አሙቆ፣ ሙሉ በሙሉ አትንኖ ወደ ሞተሩ ያስገባል። በጋሎን 200 ማይል ያስኬዳል ተባለ፤ ይህ በሊትር ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ከ1930 እስከ 1936 ባለው ጊዜ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። ግን በገለልተኛ ምርመራ የተረጋገጠ ውጤት አልተገኘም፤ ገበያም ላይ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ አንድ አፈ ታሪክ ተወለደ፤ እኛ ሠፈር ድረስም ደርሷል። «የነዳጅ ኩባንያዎች ገዝተው ቀበሩት!»

እስቲ እንደ መምህር በሰሌዳ ላይ ላስላው። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ያለው ኃይል ወደ 32 ሜጋጁል ገደማ ነው። የዚያን ዘመን መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለመንዳት፣ የአየሩንና የጎማውን ፍትጊያ ብቻ ለማሸነፍ 10 ኪሎዋት ያህል ያስፈልገዋል እንበል። በአንድ ሰዓት 36 ሜጋጁል መሆኑ ነው። ስለዚህ ከአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ኃይል አንድም ሳይባክን መንኮራኩሩ ላይ ቢደርስ እንኳ መኪናው 71 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ያ እንዲሆን ራዲያተሩ መሞቅ የለበትም፣ በማርሚታ የሚወጣው ጭስም ቀዝቃዛ መሆን አለበት። እንዲህ ዓይነት ሞተር ያየ አለ?

«ቀበሩት» የሚለውም አይሄድም። የባለቤትነት መብት ማለት ምስጢር ማለት አይደለም፤ ተቃራኒው ነው። ሥዕሉን ከነማብራሪያው ለሕዝብ ገልጠህ ስታስመዘግብ ነው መብቱን የምታገኘው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መብት 17 ዓመት ነበር የሚቆየው። ስለዚህ የፖግ መብቶች በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ አብቅተዋል። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ሀገር ያለ ብየዳ ሠራተኛ ሥዕሉን አይቶ ሊሠራው ይችላል። ብዙዎች ሞክረውታል። መንገድ ላይ ግን አላየነውም።

ሦስተኛው ማዕበል የ1973ቱ ነው። በጥቅምት ወር የዓረብ ሀገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ፤ የአንድ በርሜል ዋጋ በወራት ውስጥ ከ3 ዶላር አካባቢ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን 50 በመቶ ያህል ጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራንም በትምህርት ጥናቱና በደመወዝ ጉዳይ አድማ ወጡ። እኔ መምህር፣ ወንድሜ ባለታክሲ፤ ያኔ ብንኖር በአንድ ቀን አብረን ነበር የምንወጣው። መንግሥት ከቀናት በኋላ የነዳጁን ዋጋ ቢቀንስም ነገሩ አልበረደም። በዚያው ዓመት ያለውን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የነዳጅ ዋጋ ቀልድ አይደለም ለማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ያ ቀውስ ለዕቃ ሻጮች ሠርግ ሆነላቸው። በነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ አየሩን እንደ አውሎ ነፋስ የሚያሽከረክር ቆርቆሮ፣ ካርቡራተር ሥር የሚገባ ወንፊት፣ ታንክ ውስጥ የሚጣል ክኒን፣ ምኑ ቅጡ! መንግሥት ግን ሁለት ጥሩ ነገር ሠራ።

አንደኛ፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው ዕቃዎቹን በላቦራቶሪ ይመረምር ጀመር። መኪናውን ከዕቃው ጋርና ያለ ዕቃው፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ያስኬዱታል። በአሥርት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ዕቃዎች ታይተዋል። የነዳጅ ፍጆታን በሚያረካ መጠን ያሻሻለ አልተገኘም። ጥቂቶቹ ትንሽ ቆጥበዋል፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ጭሱን አባብሰዋል። በ2005 «ፖፑላር ሜካኒክስ» መጽሔት ማግኔቱንና አየር አሽከርካሪውን ጨምሮ የተለያዩ ዕቃዎችን የሞተር ጉልበት በሚለካ ማሽን ላይ ሲሞክር ያገኘው ተመሳሳይ ነው። እንዲያውም ጉልበት የቀነሱ ነበሩ።

ሁለተኛው የበለጠ ያስደስተኛል። በ1975 በወጣው ሕግ፣ አንድ የመኪና ፋብሪካ የሚሸጣቸው መኪኖች በጋሎን የሚሄዱት አማካይ ማይል ከተወሰነው በታች ከሆነ ይቀጣ ነበር። ቅጣቱ ያኔ ለእያንዳንዷ የጎደለች አንድ አሥረኛ ማይል 5 ዶላር ነበር፤ ይህ በተሸጡት መኪኖች ሁሉ ይባዛ ነበር። እንግዲህ አስቡት። አንድ ሚሊዮን መኪና የሚሸጥ ፋብሪካ አማካዩ በአንድ ማይል ቢጎድልበት 50 ሚሊዮን ዶላር ይከፍል ነበር። በ20 ዶላር ማግኔት ከዚህ መዳን ቢቻል ኖሮ ፋብሪካው ማግኔቱን መኪናው ሳይወጣ አያስረውም ነበር? እነሱ የመረጡት ግን ከባዱን መንገድ ነው። የመኪናውን ክብደት ቀነሱ፣ ቅርጹን ለአየር አመቻቹ፣ ካርቡራተርን ጥለው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ኢንጀክተር አስገቡ፣ ጭሱን እያሸተተ የነዳጁን መጠን የሚያስተካክል የኦክስጅን ሴንሰር ገጠሙ። በአሥር ዓመት ውስጥ የአዳዲስ መኪኖች ፍጆታ ወደ ግማሽ ተጠጋ። ተአምር አልነበረም፤ የመሐንዲስ ላብ ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። «የሚሠራ ነገር የለም» አላልኩም። ጉልበት የሚጨምር ነገር አለ። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡቺ በ1905 ያስመዘገበው ሐሳብ ዛሬ ተርቦ የምንለው ነው። በጭሱ ግፊት አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ግን ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅም መግባት አለበት። ጉልበት በነጻ አይመጣም፤ ሁልጊዜ ደረሰኝ አለው።

ታንክ ውስጥ ተጨምሮ በትክክል የሠራ ነገርም አለ። ታሪኩ ግን ያሳዝናል። በታኅሣሥ 1921 ቶማስ ሚጅሊ የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪ ሳለ፣ ጥቂት የእርሳስ ውሕድ ቤንዚን ውስጥ ቢጨመር ሞተር ማንኳኳቱን እንደሚተው አገኘ። ሞተር ካላንኳኳ ኮምፕሬሽኑን ማሳደግ ይቻላል፤ ኮምፕሬሽን ሲያድግ ደግሞ ጉልበቱም ቁጠባውም ይሻሻላል። ሠራ! ገበያ ላይ ሲወጣ ግን «እርሳስ» የሚለውን ቃል ትተው «ኢቲል» ብለው ሰየሙት። በጥቅምት 1924 ኒው ጀርዚ ውስጥ ውሕዱን በሚሠራ ተቋም አምስት ሠራተኞች በመመረዝ ሞቱ፤ ብዙዎች ሆስፒታል ገቡ። ሚጅሊ ራሱም ታሞበት ነበር። እንዲያም ሆኖ ዓለም ለመቶ ዓመት ያህል ነዳበት፤ የስንት ሀገር ሕፃናት አእምሮ ተጎዳበት። ለመኪና መሸጥ ያቆመችው የመጨረሻዋ ሀገር አልጄሪያ ናት፤ በ2021፣ ማለትም ትናንት። ስለዚህ የምንጠይቀው ጥያቄ ሁለት ነው። «ይሠራል ወይ?» እና «ከሠራስ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?»

ክፍል ውስጥ ይህን ሳወራ አንድ ጎበዝ ተማሪዬ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ በውሃ የሚሄድ መኪና የሠራውን ሰውዬ ገደሉት አይደል?» አለኝ። ስለ ስታንሊ ሜየር ነው የሚጠይቀኝ፤ የኦሃዮ ሰው። ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍዬ በሃይድሮጂኑ መኪና እነዳለሁ አለ። ሁለት ገንዘብ ያወጡ ሰዎች ከሰሱት። በ1996 ፍርድ ቤት ባለሙያዎች መሣሪያውን ካዩ በኋላ ከባድ ማጭበርበር ነው ብሎ ገንዘባቸውን እንዲመልስ ፈረደበት። በ1998 ምግብ ቤት ውስጥ ወድቆ ሞተ፤ የአስከሬን ምርመራው የአንጎል የደም ሥር መፈንዳት ነው አለ።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ውሃ የሃይድሮጂን አመድ ነው። ሃይድሮጂን ነድዶ ሲያበቃ የሚቀረው ውሃ ነው። እናትህ ምድጃ ውስጥ አመድ ጨምራ እንጀራ ጋግራ ታውቃለች? አመዱን መልሶ እንጨት ማድረግ ይቻላል ብትለኝ እንኳ፣ ለዚያ የሚያስፈልገው ኃይል ስታነደው ካገኘኸው አያንስም። ክፍሉ ሳቀ።

በሌላ ሀገር አይሆንም ያልን እንደሆነ በዚያው በ1996 ሕንድ ውስጥ ራማር ፒላይ የሚባል ሰው ከቅጠላ ቅጠልና ከውሃ ቤንዚን እሠራለሁ ብሎ ሀገር አናወጠ። የተመረመረው «የቅጠል ነዳጅ» የተለመዱ የፔትሮሊየም ውጤቶች ቅልቅል ሆኖ ተገኘ። በ2016 የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ፍርዱ እስኪመጣ 20 ዓመት! እስከዚያ ስንት ሰው ገንዘቡን ሰጠ?

አሁን ሻጮች ሁሉ ወደሚጠቀሙባት አንዲት ግማሽ እውነት እንምጣ። «ሞተርህ ከሚጠጣው ነዳጅ 70 በመቶው በከንቱ ይባክናል» ይላሉ። እውነት ነው! የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ኃይል ወደ መንዳት የሚለውጠው 25 ወይም 30 በመቶውን ያህል ነው። ቀጥለው ግን «ምክንያቱም ሳይነድ ስለሚወጣ ነው፤ የእኛ ዕቃ ሙሉ በሙሉ ያነደዋል» ይላሉ። ውሸቱ እዚህ ጋ ነው። ደህና የሆነ ባለ ኢንጀክተር ሞተር ውስጥ ከነዳጁ 97 በመቶና ከዚያ በላይ ይነዳል። የሚባክነው የነደደው ሙቀት ነው፤ በራዲያተርና በጭስ ይወጣል። ይህ የሙቀት ሕግ ነው እንጂ የቤንዚኑ ስንፍና አይደለም። ስለዚህ «በደንብ አነዳለሁ» የሚል ዕቃ የሚጣላው ለቀረችው ሁለት ሦስት በመቶ ነው። 30 በመቶ ከየት ያመጣል?

እሺ፣ ወደ ወንድሜ።

ዕቃዋን ሰካት። መመሪያው «የአነዳድዎን ባህሪ እስክታጠና 200 ኪሎ ሜትር ይጠብቁ» ይላል። ወንድሜ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ ደብተር ገዝቶ ሞልቶ ሲቀዳ ኪሎ ሜትሩን መጻፍ ጀመረ። ድሮ በሊትር 12 ነበር የምትሄደው። በመጀመሪያው ሳምንት 13.2 ሆነ! ደውሎ «አላልኩህም?» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። በሁለተኛው ወር ግን ወደ 12 ተመለሰች። እሱ ግን ዕቃዋን ሳይነቅል ሦስት ወር ሞላ። «ሞተሩ ነው እያረጀ ያለው፤ እሷ ባትኖር ይብስ ነበር» ይላል።

በመጨረሻ የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ መምህር ዕቃዋን በቢላ ከፈታት። ሦስት የሚያብለጨልጩ መብራቶች፣ አንድ ቁልፍ፣ አንዲት መብራቶቹን የምታዝ ቺፕ። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር መልእክት የሚለዋወጡባቸው እግሮች ከምንም ጋር አልተያያዙም። መብራት ነው የገዛነው።

ታዲያ የመጀመሪያው ሳምንት 13.2 ከየት መጣ? ከደብተሩ ነው። ወንድሜ ሲመዘግብ ሳያውቀው ቀስ ብሎ ይረግጥ ነበር፤ ቀይ መብራት ከሩቅ ሲያይ እግሩን ያነሳ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት መረጃ እንደሚለው በሚቆም በሚነሳ የከተማ መንገድ ላይ የችኮላ አነዳድ ፍጆታን ከ10 እስከ 40 በመቶ ያባብሳል። ሲሰለቸው ወደ ልማዱ ተመለሰ፤ ቁጥሩም አብሮት ተመለሰ። እነዚያ «እኔ ሞክሬው ሠርቶልኛል» የሚሉ አስተያየቶች ሁሉ ውሸት አይደሉም ማለት ነው። ሰዎቹ ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ምክንያቱን ነው ያላወቁት። ልክ እንደ 1916ቱ ጋዜጠኞች።

ከዚያ ወደ መካኒክ ወሰድናት። የሞተር መብራቷ ከበራች ከርማለች፤ ወንድሜ «ዕቃዋ ታስተካክለዋለች» ብሎ ትቶት ነበር። የኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል። ኮምፒውተሩ ጭሱን ማሽተት ስላቃተው ቤንዚን ያለልክ ይረጫል። ሴንሰሩ ተቀየረ፣ ካንዴላ ተቀየረ፣ ጎማዎቹ ነፋስ ሞሉ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው 15 ነው።

አሁን «ምን ይጎዳል» ወዳልኳት ቃሌ ልመለስ። ወንድሜ በቀን 150 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በ12 ሲሄድ 12.5 ሊትር፣ በ15 ሲሄድ 10 ሊትር። ልዩነቱ በቀን 2.5 ሊትር፤ በትንሹ 250 ብር። በሦስት ወር 75 የሥራ ቀን ብትይዙት 18,750 ብር ነው። የጎዳን 3,500ው አይደለም። ዕቃዋን አምነን ጋራዥ ሳንሄድ የቆየንበት ሦስት ወር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይሄ ነው። ያ ገንዘብ ደግሞ ሜዳ ላይ የወደቀ አይደለም፤ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። በዚያ ወር ከጓደኛው ተበድሮ ነው የከፈለው፤ ለእኔ እንኳ አልነገረኝም፣ ከባለቤቱ ነው የሰማሁት።

ከታሪኩ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። በ1916 ጦርነት፣ በ1930ዎቹ ድቀት፣ በ1973 ማዕቀብ፣ አሁን ደግሞ የእኛ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ፣ ዕቃዋ ልብሷን ቀይራ ትመጣለች። ፈሳሽ ነበረች፣ ካርቡራተር ሆነች፣ ማግኔት ሆነች፣ አሁን አረንጓዴ መብራት ሆናለች። የምትመጣው ሳይንስ ሲያድግ ሳይሆን ሰው ሲጨንቀው ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ስለዚህ የገዛ ሰው ላይ አትሳቁ። ወንድሜ ሞኝ አይደለም፤ ጨንቆት ነው።

ባለመኪኖች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ደብተር ግዙ። ሁለት ሳምንት ምንም ሳትለውጡ መዝግቡ። የጎማ ነፋስ አስለኩ። የሞተር መብራት ከበራ ዛሬውኑ አሳዩ፤ የሞተ የኦክስጅን ሴንሰር መቀየር ብቻውን ፍጆታን እስከ 40 በመቶ ሊያሻሽል ይችላል። ከኋላ የተጫነ የማያስፈልግ ዕቃ አውርዱ። ከዚያ በኋላም ሻጭ ከመጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ይህ ከሠራ የመኪናው ፋብሪካ ለምን አልገጠመውም?»

ወንድሜ 1,500 ብሬን ሊመልስልኝ ነበር። አልቀበልም አልኩት፤ «ሞክረው» ያልኩት እኔ ነኝ። ደብተሩን ግን አሁንም ይጽፋል። ትናንት ደውሎ «15.3» ብሎኝ ስልኩን ዘጋው።

የምታውቁት ባለታክሲ ካለ ይህን አድርሱለት። መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ!